የፒያሳው ፎቅ እድሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ ያለው የጣሊያን ጊዜ ፎቃችን በባሕር ዛፍ መወጣጫ ከታጠረ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል። ቡና የሚጠጣውም ይጠይቃል፣ ባጃጅ የሚጠብቀውም ይጠይቃል፣ ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣውም ይጠይቃል። አንድ መልስ በቀን ሃያ ጊዜ ከመድገም አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። አባቴ ምድር ላይ ባለው ሱቅ ልብስ ይሰፋ ነበር፣ አሁን ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። በእድሳቱ ስብሰባም ተከራዮቹን ወክዬ እገባለሁ። የማወራው ከሱቁ ደጃፍ ሆኜ ነው እንጂ ከቢሮ አይደለም።

ፎቁ መቼ ነው የተሠራው? ማንስ ሠራው?

ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው። ያበቃለት ደግሞ የጦር አዛዡ ጄኔራል ናሲ እጁን በሰጠበት ኅዳር 18 ቀን 1934። ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ጎንደር ከስድስት ወር በላይ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ፒያሳ ላይ የምታዩአቸው ፊታቸው ሜዳ የሆነ፣ ጥጋቸው የተጠማዘዘ፣ በረንዳቸው ረጅም የሆነ ቤቶች የዚያች አጭር ጊዜ ሥራ ናቸው። ፖስታ ቤቱም፣ ሲኒማ ቤቱም።

ለምን ጎንደር ላይ ይህን ያህል ገንዘብ ፈሰሰ ለሚል፦ ከተማዋ ጣሊያን «አማራ» ብሎ የከለለው ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ፕላኗን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። ሰውየው ከዚህ በኋላ አልባኒያ ሄዶ የቲራናን ትልቁን ጎዳና ነድፏል። ቲራና የሄደ ጎንደሬ ካለ ፎቶ ይላክልኝ፣ የምር።

ታዲያ ቦዚዮ ወረቀት ላይ ሣለ እንጂ ድንጋይ አልተሸከመም። ድንጋዩ የዚሁ ሀገር ጥቁር ድንጋይ ነው። ተሸካሚውም የዚሁ ሀገር ሰው። የእነሱን ስም የጻፈ የለም።

የወራሪ ቤት ምን ብለን ነው የምናድሰው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥቶ ነው። ቁጣው አይገርመኝም። የዚያን ጊዜው ፕላን እኮ የነጭ ሰፈርና የሀበሻ ሰፈር ብሎ የለየ ነው። የእኛ ሱቅ ሲሠራ አባቴ በውስጡ ተቀምጦ ይሰፋበታል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ይህ መነገር አለበት፣ እድሳቱ ሲያልቅ ደጃፉ ላይ በሚሰቀለው ጽሑፍ ውስጥም ይግባ ብዬ ተከራክሬያለሁ። ውሳኔው ገና አልተሰማም።

ግን ሒሳቡን እንሥራው። ጣሊያን በቤቱ የተጠቀመው አምስት ዓመት ምናምን ነው። እኛ ሰማንያ ዓመት አልፎናል። እዚህ ቤት ውስጥ የሙሽራ ልብስ ተለክቷል፣ ሰዓት ተጠግኗል፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የተነሣው ሰው ቁጥር የለውም። ቤቱ የማን ነው ቢባል የማን ትላላችሁ?

ደግሞ ጣሊያንን ከቤቱ ብታስወጡት ከአፋችን አታስወጡትም። ግንበኛው «ፌሮ አምጣ» ሲል ጣሊያንኛ እያወራ ነው። ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማኪያቶ፣ ራሱ ፒያሳ የሚለው ስም። ማኪያቶውን ትቼ ልቁጣ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አስመራ በዚሁ ዘመን ቤቶቿ ምክንያት በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጣሊያንን ለማመስገን አይደለም። ከተማዋን የኖረባት ሕዝብ የራሱ ስላደረጋት ነው።

ፒያሳም በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው አይደል?

አይደለም። በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበው ፋሲል ግቢና አብረውት ያሉት ናቸው፦ የፋሲል መዋኛው፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጉዛራ፣ ጎርጎራ ያሉት፣ በድምሩ ስምንት ቦታ። የፒያሳ ፎቆች የግንቡ ጎረቤት ናቸው እንጂ በስሙ አልተጠቃለሉም። አስጎብኚዎቻችን አንዳንዴ ነገሩን ሞቅ አድርገው ያወሩታል፣ እንግዳ ፊት ማረም ስለማይመች ዝም እላለሁ።

አፍርሶ ባለ ስምንት ፎቅ መሥራት አይሻልም ነበር?

ለማን?

እንዲያው በጥሞና እንየው። አዲስ ፎቅ ሲቆም ምድር ላይ ያለውን ቦታ ባንክ ይወስደዋል። አንደኛው ፎቅ ላይ ካፌ ይገባል። ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ሠሪ፣ ጫማ ሰፊ «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቦታ አለልህ» ይባላል። ልብስ ሰፊ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይኖርም፣ ይከስራል። ዚፑ የተበላሸበት ሰው አላፊ መንገደኛ ነው፣ ደረጃ ወጥቶ አይፈልግህም። እኛ የምንኖረው በር ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛ ግድግዳ ውፍረቱ የክንድ ያህል ነው፣ ድንጋይ ነው። መጋቢት ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገብታችሁ ብትቀመጡ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ውስጥ ያለ ዘመድ አለኝ፣ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ዘግቶ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውጭ ይቆማል።

ሦስተኛው በረንዳው ነው። የጎንደር ክረምት ዝናብ ሲጥል አላፊ አግዳሚው ሁሉ በረንዳችን ሥር ይጠለላል። የተጠለለ ሰው ዕቃ ያያል። ዕቃ ያየ ሰው ይገዛል። ይህን ማስታወቂያ በምን ገንዘብ ትገዙታላችሁ?

ይህን ስል ሁሉም አሮጌ ቤት ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ጓሮ በኩል በኋላ የተቀጠለው የቆርቆሮና የብሎኬት ክፍል ይፍረስ ሲባል እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ፈርሶም ብርሃን ገባልን።

ባለቤቱ ማን ነው?

መንግሥት። ታሪኩ ግን አጭር አይደለም። ከነጻነት በኋላ እነዚህ ቤቶች እጅ ቀያይረዋል፣ ነጋዴም ይዟቸዋል፣ መሥሪያ ቤትም ገብቶባቸዋል። ሐምሌ 1967 ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተመደቡ። እናቶቻችን «ትርፍ ቤት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው ይለወጣል።

ለሕንፃው ይህ ምን አመጣ? ኪራዩ ርካሽ ሆነ፣ ጥሩ። ነገር ግን ጣሪያው የማንም አይደለም ሆነ። ተከራይ «የመንግሥት ነው» ይላል፣ ቢሮው «ተከራዩ ይጠግን» ይላል፣ መሐል ላይ ውሃው ይወርዳል። ቤት የሚፈርሰው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ማንም መዶሻ ሳያነሣበት።

ከዚህ በፊት ታድሶ አልነበረም እንዴ? ልስኑ ለምን ቶሎ ረገፈ?

ታድሶ ነበር፣ ማን እንዳደሰው አልናገርም፣ አንድ ቢሮ ነው ብላችሁ እለፉት። ለበዓል እንዲደርስ ተብሎ በጥድፊያ የድሮው ልስን ሳይነሣ ከላዩ ሲሚንቶ ተለሰነበት፣ በላዩ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ተቀባ። ሲያዩት ያምራል። እኔም ከካሜራው ፊት ቆሜ ሳቅኩ፣ ፎቶው አለ።

ሁለት ክረምት አልፎ ከሱቄ በላይ ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፋ። ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። አንድ ሰኞ ጠዋት የትሪ ስፋት ያለው ልስን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አለ፣ እግዜር ይመስገን ቀድሜ አልገባሁም። አልቃቅሼ ለቢሮው ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልሱ «ይታያል» የሚል ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንጋይ ግድግዳ ከመሬትም ከጣሪያም እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ኖራ ሲሆን ያሳልፈዋል። ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ግን አፉን ይይዙታል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከሥር ይጠራቀማል፣ ጨው ያወጣል፣ ልስኑን ከድንጋዩ ይገፋዋል።

ቤታችሁ እንዲህ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ባለሙያ አያስፈልግም። ሽማግሌው ለሳኛችን ያሳየኝን ላሳያችሁ። ጣታችሁን አጥፋችሁ በመገጣጠሚያው ግድግዳውን እንደ በር አንኳኩ። ጠንካራ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይዟል። እንደ ባዶ ቅል ካስተጋባ ልስኑ ከግድግዳው ተለያይቷል ማለት ነው። ሽማግሌው እንዲህ እያንኳኳ በከሰል ክብ ክብ ሲያሠምር ዋለ። ማታ ላይ ግድግዳው እንዳለ ክብ ሆኖ ነበር። «እታለም፣ ይኸ ግድግዳ ካፖርት ለብሶ ነው የሚያተኩሰው» አላት ቡና የምታፈላውን ልጅ።

ኖራ ኖራ ትላላችሁ። ምን ይለየዋል?

ጎንደር ላይ ይህ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ ያሳዝናል። ከፋሲል ጀምሮ ያሉት ነገሥታት ግንብ በኖራ ነው የተያያዘው። በጣሊያን ጊዜ ግንቡ ሲጠገን ሲሚንቶና ቤቶን ገባበት፣ በኋላ ዩኔስኮ ባገዘው ጥገና ያ ተነሥቶ በኖራ ተተካ። ማለትም ይህን ትምህርት ከተማችን አንዴ ተምራዋለች፣ ያውም ከእኛ ሱቅ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ። ለምን እንደተረሳ ግራ ይገባኛል።

አሠራሩን ጓሯችን ውስጥ አይቻለሁ። ከእቶን የወጣው ኖራ ድንጋይ ይመስላል። ጉድጓድ ውስጥ ይጣልና ውሃ ይፈስበታል። ያኔ ይፈላል፣ ቃል በቃል። ይንፈቀፈቃል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ጠጋ ብሎ ማየት ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር ያላደረገ ሰው አይጠጋም። ሲበርድ በወንፊት ይጠለላል። ከዚያ ውሃ ከላዩ እንደተኛ ይቀመጣል። ሳምንታት፣ ቢቻል ወራት። በቆየ ቁጥር እንደ ወፍራም እርጎ ይሆናል፣ በማንኪያ ሲያነሡት አይንጠባጠብም።

ጎረቤቴ «ለምን ይቆያል? ዛሬ ውሃ የፈሰሰበትን ዛሬ ለምን አትለስኑም?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው መልሶ ጠየቃት፦ «አንቺ ሊጡን ሳይቦካ ትጋግሪያለሽ?» አለቀ። ውስጡ ውሃ ያልደረሰው ፍሬ ከቀረ፣ በኋላ ግድግዳው ላይ እያለ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ ልስኑን ከውስጥ ይበሳዋል። ዓይን የሌለው እንጀራና ዓይን ያወጣ ግድግዳ ከአንድ ጥፋት ይመጣሉ።

ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይታሻል፣ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ አካባቢ። አሸዋው የታጠበ ይሁን፣ አፈር ያለበት ከሆነ ይሰነጠቃል። በሦስት እጅ ይለሰናል፣ አንዱ እጅ ሳይጠነክር ሌላው አይደረብም። ኖራ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው ተመልሶ ወደ ድንጋይነት የሚሄደው፣ ስለዚህ አይቸኩልም። ብትቸኩሉበት ይቀየማል።

ቤቱ ሁሉ ኖራ ነው ማለት ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ወለሉ፣ በረንዳውና ጣሪያው ግን ፌሮ ያለበት ቤቶን ነው። የእነሱ በሽታ ሌላ ነው። ጣሪያው ሜዳ ስለሆነ ውሃ ይተኛበታል። አሸንዳው በቅጠልና በላስቲክ ሲደፈን ውሃው መንገድ ያጣና በስንጥቅ ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ የዛገ ፌሮ ደግሞ ይወፍራል፣ ሲወፍር ቤቶኑን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከበረንዳው ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ ቡናማ መስመር ካያችሁ ያ ነው።

የተጎዳው ቦታ እስከ ጤነኛው ድረስ ተፈልፍሎ፣ ፌሮው ተፍቆ፣ የሳሳው ተቀይሮ ይሞላል። እዚህ ሲሚንቶ ትክክለኛ ቦታው ነው። ሲሚንቶ ጠላት አይደለም፣ ያለ ቦታው ሲገባ ነው የሚያጠፋው።

እውነቱን ለመናገር ከእድሳቱ ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የአሸንዳው መጠረግ ነው። ከውስጡ የወጣው፦ የኳስ ላስቲክ፣ ሁለት ጫማ (አንድ ዓይነት አይደሉም)፣ የወፍ ጎጆ፣ የቢራ ቆርኪ። መጥረጊያና መሰላል ብቻ ነው የጠየቀው። ይህን ስንት ዓመት ማንም አላደረገውም፣ እኔን ጨምሮ።

ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚቆየው? ሠራተኞቹ እኮ ቆመው ነው የማያቸው።

ሲጠብቁ አይታችሁ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፣ ውጭ አይለሰንም። ጥር ላይ ጥምቀት አለ። ከከተራ በፊት መወጣጫው ከመንገዱ መነሣት ነበረበት፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ በጠበበ መንገድ ማሳለፍ አደጋ ነው። ከዚያ የካቲትና መጋቢት ፀሐዩ ይከርራል፣ ነፋስ አለው፣ ኖራው ቶሎ እንዳይደርቅ ጆንያ እየተነከረ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ጠዋትና ማታ ጆንያ የሚያርሰውን ልጅ ነው «ቆሞ ይውላል» የምትሉት።

ቀለሙ ለምን ቢጫ ሆነ? ሰማያዊው ያምር ነበር።

ሰማያዊው የመጨረሻው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በረንዳው ውስጥ፣ ፀሐይ በማይነካው ጥግ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ቦታ በምላጭ ቀስ እያሉ ፈቀፈቁ። ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ጋ የተጣበቀ ደብዛዛ የአፈር ቢጫ። ያንን ነው የመለስነው፣ ኖራ ላይ ቀለም ያለው አፈር ተበጥብጦ። አዎ፣ ከዘይት ቀለም ይልቅ ቶሎ ይደበዝዛል። አዎ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። የምላጩ ቦታ ሳይሸፈን ተትቷል፣ መጥታችሁ እዩት። አረንጓዴው ላይ ስደርስ አባቴን አስታወሰኝ፣ እሱ የገባ ጊዜ ቤቱ አረንጓዴ ነበር ይል ነበር፣ እኔ ደግሞ ቀለም አያውቅም እያልኩ እስቅበት ነበር።

ስንት ፈጀ?

ሒሳቡ የሚዘጋው ሥራው ሲያልቅ ነው፣ አሁን የሚወራው ቁጥር ሁሉ የቡና ወሬ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ዕቃ ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ነው። ኖራ የሚያውቅ ለሳኝ ጥቂት ነው፣ ያለውም አርጅቷል። ከሽማግሌው ሥር አራት ወጣት ተመድበዋል፣ አንደኛው ገና ከአሁኑ ሌላ ቦታ እየተፈለገ ነው።

የእኔም ቤት የድሮ ነው። ራሴ መጠገን እችላለሁ?

በቅርስነት የተያዘ ከሆነ ያለ ፈቃድ አትንኩት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይሠራ ይላል። መጀመሪያ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጋ ሂዱ፣ መዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ የግንባታ ፈቃድ። ፈቃዱ እስኪመጣ ግን አሸንዳ መጥረግ ማንም አይከለክላችሁም።

የሱቁ ሰዎች የት ሄዱ? ይመለሳሉ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፣ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያየው ግድግዳውን ነው።

ግማሾቻችን ጓሮ በኩል በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነን። ሁለት ሰዎች አራዳ ወርደው ተከራዩ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ ገቢያቸው እንደሚሻል ይናገራሉ፣ የሚመለሱም አይመስለኝም። ሰዓት ሠሪው ቤቱ ገባ። ዓይኑም ደክሞ ነበር። ዛሬ ሰዓቱን በስልኩ የሚያይ ሁሉ ጥፋተኛ ነው፣ እኔም።

ስንወጣ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰፈር ለእድሳት የሚወጣ ነጋዴ ይጠቀምበታል። ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ሱቁን ከአራቱም ጥግ ፎቶ አንሡ። በሜትር ለክታችሁ ካሬውን በውሉ ላይ አስጽፉ፣ ምክንያቱም እድሳት ላይ ግድግዳ ይንቀሳቀሳል፣ የአንዱ ሱቅ ግማሽ ሜትር ለሌላው ይሄዳል። የኪራይ ደረሰኝና የንግድ ፈቃድ ኮፒ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሱቅ አስቀምጡ። «ትመለሳላችሁ» የሚለው ቃል በአፍ ከሆነ ምንም ማለት አይደለም፣ መቼ፣ በየትኛው ቁጥር ሱቅ፣ በስንት ኪራይ ብላችሁ በጽሑፍ ያዙ። እኛ የመጨረሻውን፣ ኪራዩን፣ ማስጻፍ ረስተን ነበር። አሁን የምንከራከረው በእሱ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፣ በስብሰባም ተናግሬዋለሁ፦ ፎቁ ታድሶ ኪራዩ ልብስ ሰፊ የማይከፍለው ከሆነ ያደስነው ፊቱን ብቻ ነው። ሱቅ ሲከፈትበትና ሲዘጋበት ነው አሸንዳው መደፈኑ የሚታወቀው። ተቆልፎ የተቀመጠ ቤት ከሥር ውሃ ሲያንጠባጥብ ማን ያያል?

ፒያሳ ግን የድሮዋ ፒያሳ ናት?

አይደለችም፣ ድሮም የድሮዋ አልነበረችም። አባቴ ሲያወራ ከአጠገቡ አረብ ሱቅ ነበር፣ ስኳርና ጨርቅ የሚሸጥ። እኔ ልጅ ሳለሁ ፎቶ ቤት ሆነ፣ መስኮቱ ላይ የማናውቃቸው ሙሽሮች ፎቶ ተሰቅሎ ይውላል። ከዚያ የቪዲዮ ካሴት ኪራይ። ከዚያ ኢንተርኔት ቤት። አሁን የስልክ ካቨርና ቻርጀር። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ከዐሥር ዓመት ልጄ ጠይቁ።

ትልቁ ለውጥ የገዢው ነው። ጎንደር ወደ ማራኪ፣ ወደ አዘዞ እየሰፋች ሄደች፣ ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ ይገዛል። በኮቪድ ጊዜ ፈረንጅ ጠፋ፣ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ከዚያም ሰላም እንደተመኘነው አልሆነም። የፈረንጅ ገበያ ላይ የቆመ ሱቅ ሁሉ ተንገዳገደ። እኛን ያቆመን የሀገር ሰው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለእናንተ ጨዋታ ነው፣ ለእኛ የዓመት ገቢ ነው። ከገና እስከ ከተራ የእኛ ቤት መብራት አይጠፋም። ጥልፍ፣ ቁልፍ፣ ማሳጠር፣ «ለነገ አድርስልኝ ወንድምዬ»።

የኮሪደር ልማቱም መጥቷል። የእግረኛ መንገድ ሰፋ፣ መብራት ተተከለ፣ ማታ ማታ ሰው ከልጆቹ ጋር ወጥቶ ይንሸራሸራል፣ ይህን ድሮ አላየንም። ጥሩ ነው። ግን በረንዳው ላይ የነበሩት ሊስትሮና መጽሔት ሻጩ ሲነሡ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የማወራው ሰው አጣሁ። ሊስትሮው አሁን ጃንተከል ዋርካው አካባቢ ነው፣ ጫማዬን ይዤ እወርድለታለሁ።

ማስታወቂያዬንና ዲሼን የት ልስቀል?

ግድግዳው ላይ አይሆንም። በየቡሎኑ ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ ከፊት ግድግዳው ብቻ የነቀልነው ቡሎን ባልዲ ሞላ። ለታፔላ ከበሩ በላይ አንድ ቦታ ተዘጋጅቷል፣ የሁሉም መጠን እኩል ነው። ዲሽ ጣሪያው ላይ፣ አንድ ለሁሉም። አዎ፣ ማን ሪሞቱን ይይዛል በሚለው ተጣልተናል።

የድሮው ወለልና የኤሌክትሪክ ገመድስ?

የወለሉ ፊት ቴራዞ ነው (ጠጠር በሲሚንቶ ተይዞ የተለሰለሰ)፣ ታጠበ፣ የተሰበረው ብቻ ተተካ። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ጨርቅ የለበሰ ሽቦ ነበር፣ አንዳንዱ ቦታ ጨርቁ አልቆ ባዶ ብረት። በእሱ ላይ ካውያ እየሰካሁ ሃያ ዓመት መሥራቴን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሲሰማ አማተበ።

መጥቶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ከእሑድ በቀር ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጓሮ በኩል ግቡ፣ ከፊት መወጣጫ ሥር አትቁሙ፣ ፍርስራሽ ይወድቃል። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ የኖራው ጉድጓድ አጠገብ እንዳይደርስ። ከፖስታ ቤቱ ጀምራችሁ ወደ ግንቡ በእግር ብትመጡ ይሻላል፣ የሌሎቹንም ቤቶች ጥግ እያያችሁ፣ የትኛው ሆዱን እንደነፋ ራሳችሁ ትለያላችሁ። የሚጠብ ወይም የሚያጥር ልብስ ካላችሁ አብራችሁ ያዙ። የቆርቆሮው መጠለያ ውስጥ ሲንጀሯ የምትሰማበት ጋ ነኝ።